ክሌዝመርንና የሮማ ሙዚቃን ከዘመናዊ ምት ጋር ስታዋህድ ከጭፈራው ጀምር

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ጀርመን የሚኖር ኪቦርዲስት ነው። ቤቱ ውስጥ ቢት ይሠራል። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያንን የሰርግ ሙዚቃ፣ ክሌዝመርን፣ ከባልካን ሮማዎች (በአውሮፓ ተበትኖ የሚኖር ሕዝብ ነው) የትራምፔት ባንድ ጋር ቀላቅሎ ከሥሩ የኤሌክትሮኒክ ምት አስገብቷል። “ቅኝቱን በትክክል ይዤዋለሁ። ግን ሥራው የካርቱን ፊልም ማጀቢያ ይመስላል። ምን ጎደለው? ደግሞስ የእኔ ባልሆነ ባህል እንዲህ ማድረግ ነውር አይሆንም?” ይላል።

ወንድሜ፣ ሁለቱም ጥያቄዎችህ ደስ አሰኝተውኛል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ጨርሶ አያነሳውም። መጀመሪያ ግን ወደ አንደኛው ልሂድ። ቅኝቱን ይዤዋለሁ ስትል ችግሩ የት እንዳለ የነገርከኝ ይመስለኛል። የጀመርከው ከቅኝቱ ነው። መጀመር የነበረብህ ከጭፈራው ነው። (ዓመት የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የቅኝቱ ኖታዎች እነዚህ ናቸው፦ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ። የክሌዝመር ሙዚቀኞች ይህን ፍሬይጊሽ ይሉታል። በምኩራብ ጸሎት ላይ አሃቫ ራባ የሚባለው ቅኝት ዘመዱ ነው። ከኢ ፍላት ወደ ኤፍ ሻርፕ ያለው ሰፊ ዝላይ ጆሮን ወዲያው ይይዛል። የፊልምና የማስታወቂያ ሰዎች “ምሥራቅ” ለማለት ሲፈልጉ ይህንኑ ዝላይ ወደ ላይ ወደ ታች ያመላልሱታል። አንተም በኪቦርድ ስታመላልሰው ካርቱኑ ከች ይላል። ጥፋቱ የቅኝቱ አይደለም። በአምስቱ የትዝታ ኖታዎች ላይ ጣቱን ያመላለሰ ሰው ትዝታ ተጫወተ አይባልም። ትዝታን ትዝታ የሚያደርገው ድምፁ የሚሳብበት፣ የሚሰበርበትና የሚያርፍበት ቦታ ነው። ክሌዝመርም እንደዚያው ነው።

ክሌዝመር የሰርግ ሥራ ነው። ሙዚቀኞቹ ሙሽራዋን ያስለቅሳሉ፣ አማቾችን በክብር ይቀበላሉ፣ እንግዳውን ያስጨፍራሉ፣ ሲነጋም ወደ ቤቱ ይሸኙታል። ለእያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ዓይነት ዜማ አለው። ፍሬይለኽስ ክብ ተሠርቶ የሚጨፈር ፈጣን ባለ ሁለት ምት ነው። ኾሲድል ረጋ ይላል። በደቂቃ ከ80 እስከ 100 ምት አካባቢ ስለሚጫወቱት ከሂፕ ሆፕ ጋር ብዙ ሳይጨናነቅ ይሄዳል። ሆራ ዝግ ያለ ባለ ሦስት ምት ሲሆን ሁለተኛው ምት ባዶ ነው። አንድ፣ ዝም፣ ሦስት። ያ ዝምታ የጭፈራው አካል ነው። በሃይ-ሃት (በሲምባል ድምፅ) ከሞላኸው ሆራው ሞተ ማለት ነው። ይህን ስህተት ሙያ ባላቸው አቀናባሪዎች ሥራ ላይ ሳይቀር እሰማዋለሁ፤ ያናድደኛልም።

ላንተ ግን መጀመሪያ የምመክርህ ቡልጋርን ነው። ቡልጋር ከቤሳራቢያና ከሞልዳቪያ (ዛሬ በሮማኒያና በሞልዶቫ ዙሪያ ያለ አካባቢ) የመጣ ጭፈራ ነው። አሜሪካ ከገባ በኋላ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የኒው ዮርክ የአይሁድ ሰርግ ዋና ጭፈራ ሆነ። አንዱን መለኪያ (ባር) ስምንት አድርገህ ብትቆጥረው ዜማው ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት እያለ ይረግጣል። አሁን አንድ የሬጌቶን ቢት ክፈት። ኪኩን (ወፍራሙን ከበሮ) ተወውና ስኔሩን (ሹል ድምፅ ያለውን ከበሮ) ስማ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው። ዳንስሆልም ውስጥ አለ። ስለዚህ ቡልጋርን ከሬጌቶን ጋር ስታገናኝ ሁለት ባዕድ ነገር እያጣበቅክ አይደለም። አረጋገጣቸው ቀድሞውኑ ይገጥማል። ሰው በሁለቱም ስለሚጨፍር እግሩ ያውቀዋል። ከቅኝት የጀመረ አቀናባሪ ይህን አያየውም።

ወደ ሮማዎቹ ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። የሰርቢያና የመቄዶንያ ሮማዎች ቾቼክ የሚሉት ጭፈራ አለ። አንዱ ዓይነት ባለ አራት ምት ሆኖ ያንኑ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ይረግጣል። ሌላው ባለ ዘጠኝ ነው፦ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ባለ ዘጠኙን በባለ አራት ሃውስ (የክለብ ምት) ላይ ለመጫን አትታገል። ወይ ቢቱን ራሱን ባለ ዘጠኝ አድርገህ ሥራው፣ ወይ ሌላ ዜማ ፈልግ። እዚያ አገር ሕፃን ልጅ ሳይቀር በዘጠኙ ይጨፍራል። ክለብ ውስጥ ያለው ሰው አይገባውም ብለህ አትፍራ። አራተኛው፣ ረጅሙ ምት ላይ ኪኩን ጠንከር አድርገህ ካሳየኸው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይይዘዋል።

የባልካን ብራስ ባንድ አሠራርም ለቢት ሠሪ የሚጠቅም ትምህርት አለው። መሠረቱ የኦቶማን ዘመን የወታደር ባንድ ነው። ቱባው ምቱ ላይ ይረግጣል። መሃል ያሉት ሆርኖች ከምቱ ቀጥሎ ባለው ክፍተት ላይ ይመልሱለታል። ትራምፔቶቹ ከላይ ዜማውን ይዘው ይሮጣሉ። እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው። አንተ በዚህ ላይ ወፍራም ኪክና ሲንት ባስ ስትጨምር ኪኩ ቱባውን ይረግጠዋል፣ ሲንቱ ደግሞ ሆርኖቹን ይውጣቸዋል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ አንድ ባለቤት ብቻ ይኑረው። ቱባው ጥሩ ከሆነ ሲንት ባሱን አውጣው። ሲንቱ የግድ ነው ካልክ ቱባውን ሳትቀዳ ሆርኖቹን ብቻ ቅዳ።

አሁን ወደ ድምፁ። ክሌዝመር ውስጥ ክረኽትስ የሚባል ጌጥ አለ። ኖታው ሊያልቅ ሲል ድምፁ ታፍኖ ወደ ላይ ይሰበራል፤ ሲቃ ይመስላል። ከምኩራቡ መሪ ዘማሪ፣ ከሐዛኑ፣ የወረሱት ነው። ቫዮሊኒስቱ በትንሿ ጣቱ ገመዱን ነካ አድርጎ ያወጣዋል፣ ክላርኔቲስቱ በጉሮሮውና በከንፈሩ። ከዚህ ሌላ የሚንሸራተቱ፣ የሚንቀጠቀጡ፣ ቶሎ ቶሎ የሚዞሩ ጌጦች አሉ። በኪቦርድ ፒች ቤንድ (ድምፁን በሚያጎብጠው መቆጣጠሪያ) ይህን ልታስመስል ስትሞክር ነው ካርቱኑ የሚመጣው። ቁርጡን ልንገርህ፤ ሰው ያስፈልግሃል። አንድ ክላርኔቲስት ወይም አንድ ቫዮሊኒስት። ሌላው ሁሉ ከኮምፒውተር ቢወጣ ችግር የለውም። ዜማውን የሚይዘው ግን ትንፋሽ ያለው ሰው ይሁን።

ያን ሰው ስትቀዳም ኳንታይዝ አታድርገው፤ ኖታዎቹን በኮምፒውተር ምቱ ላይ አታሰልፋቸው። ጥሩ የክሌዝመር ተጫዋች ከአጃቢው ምት ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያ ይሮጥና መለኪያው ሲያልቅ ይገናኛል። አጃቢው አይነቃነቅም፣ ዜማው ይሳባል። ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም የማይነቃነቅ ምት እንደ ድራም ማሽን የሚሰጥህ የለም። ችግሩ ቢት ሠሪው ዜማውንም ግሪዱ (የኮምፒውተሩ የምት መስመር) ላይ ሲቸነክረው ነው። ያኔ ያ መሳሳብ ይጠፋል። ሙዚቃው ውስጥ ሕይወት የነበረው እሱ ላይ ነበር።

ስለ ኮርድ፣ ማለትም አብረው ስለሚመቱ ኖታዎች፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በፍሬይጊሽ ዲ ላይ ስትሆን ወደ ቤት የሚመልስህ ኤ ሴቭን አይደለም። ኤ ሴቭን ውስጥ ያለው ሲ ሻርፕ በቅኝቱ ውስጥ የለም። ዜማው ወደ ቤት የሚመለሰው ከሲ ማይነር ወደ ዲ ሜጀር ነው። መሃል ላይ ጂ ማይነር አለ። በእነዚህ ሦስት ኮርዶች ብዙ ርቀት ትሄዳለህ። ሚ ሼቤራኽ በሚባለው ቅኝት ደግሞ አራተኛው ኖታ ከፍ ይላል፤ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። እዚያ ላይ ኮርድ ባትቀያይር ይሻላል። ዲን ከሥር ያዝና ተወው። ዶይና የሚባለው ምት የሌለው ክፍል ከዚህ ቅኝት ጋር በደንብ ይሄዳል። የሮማኒያ እረኞች ዜማ የነበረ ነው፤ አይሁዳውያኑም ሮማዎቹም ወሰዱት። ከሥሩ ረጅም ሲንት ፓድ ብትዘረጋለት ያምርበታል። እባክህ ድራም አትጨምርበት።

አሁን ሁለቱን ሙዚቃዎች አንድ ላይ ስለማምጣት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የልቤ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው ክሌዝመርንና የሮማ ሙዚቃን “የምሥራቅ አውሮፓ ቅመም” ብሎ አንድ ከረጢት ውስጥ ይከታቸዋል። አንድ አይደሉም። ግንኙነታቸው ግን እውነተኛ ነው፣ ቦታም አለው። በሞልዳቪያና በቤሳራቢያ ላውታር የሚባሉት የሮማ የሰርግ ሙዚቀኞችና የአይሁድ ክሌዝመሮች በአንድ ባንድ ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር። ሮማው በአይሁድ ሰርግ፣ አይሁዱ በክርስቲያን ሰርግ። ዜማ ይለዋወጡ ነበር፣ አንዱ ከአንዱ ይማር ነበር። ቡልጋር ራሱ የዚህ ጉርብትና ልጅ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ናዚዎችና ተባባሪዎቻቸው 6 ሚሊዮን አይሁዳውያንን ገደሉ። የተገደሉት ሮማዎች ቁጥር ቢያንስ 250,000፣ ምናልባትም እስከ 500,000 እንደሚደርስ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። በሰሜን ሮማኒያ ማራሙሬሽ በሚባለው አካባቢ የነበሩት የአይሁድ ሙዚቀኞች አለቁ። ዜማው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በአይሁድ ሰርግ ይጫወቱ የነበሩ የሮማ ሙዚቀኞች ያስታውሱት ነበር። ሙዢካሽ የተባለው የሃንጋሪ ባንድ በ1993 የዚሁ አካባቢ አይሁዳውያንን ዜማ ቀድቶ ሲያወጣ፣ ቫዮሊኒስቱ ጌዮርጌ ኮቫችና ሲምባሎም (በዱላ የሚመታ ባለ ገመድ መሣሪያ) የሚጫወተው አርፓድ ቶኒ አብረውት ነበሩ። ሁለቱም ሮማዎች ናቸው። የሰው ሰርግ ዜማ፣ ባለቤቶቹ ከሞቱ በኋላ፣ በጎረቤታቸው ጣት ላይ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ቆየ። ይህን ሥራ ስሰማ ሁሌም ዝም እላለሁ። አንተም ከምንም በፊት ይህን እንድትሰማ እፈልጋለሁ። ሁለቱን ሙዚቃዎች ለምን እንደምታገናኝ ሲገባህ፣ እንዴት እንደምታገናኝም ግማሹ ይገባሃል።

ከዚህ ታሪክ በመነሳት በጥንቃቄ የሠሩ ሰዎች አሉ። አላን በርን የሚባለው ፒያኒስትና አኮርዲዮኒስት “ዘ አዘር ዩሮፒያንስ” የተባለውን ፕሮጀክት መርቷል። የክሌዝመር ሙዚቀኞችን ለብቻ፣ የላውታር ሙዚቀኞችን ለብቻ አሰባስቦ፣ ሁለቱ እንዲማማሩ አድርጎ ነው በአንድ መድረክ ያገናኛቸው። ቅደም ተከተሉን ልብ በል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከዚያ አብሮ። አንተ ሁለቱን በአንድ ቀን አንድ ፋይል ውስጥ ነው የከተትካቸው።

ሮማ ስንል ደግሞ አንድ ሙዚቃ አይደለም። የማኑሽ (በፈረንሳይ አካባቢ የሚኖሩ ሮማዎች) ቤተሰብ ልጅ የሆነው ጃንጎ ራይንሃርት በ1934 ፓሪስ ላይ ከቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር በመሠረተው ባንድ ጃዝን በጊታር ሠራ። የሃንጋሪ ቭላህ ሮማዎች መሣሪያ ሳይዙ በአፋቸው ባስ፣ በማንኪያና በወተት ጋን ምት ይጫወታሉ። የሞልዳቪያው ፋንፋሬ ቾካርሊያ በሚያስደነግጥ ፍጥነት ብራስ ይነፋል። በስኮፕዬ የተወለደችው እስማ ሬጄፖቫ፣ በ2016 ያረፈችው፣ ድምፅዋ ብቻ አንድ ዓለም ነው። የስፔን ጊታኖዎች ፍላሜንኮ ሌላ ነገር ነው። አንዱን ምረጥ። ካንተ ቡልጋር ጋር የሚቀራረበው የሞልዳቪያው ነው፤ ምክንያቱም ታሪኩ እዚያው ነው።

ከዘመናዊ ምት ጋር የተሠሩትን ልጠቁምህ። ክሌዝማቲክስ በ1986 ኒው ዮርክ ውስጥ ተመሠረቱ። ክሌዝመርን ከሮክ፣ ከጃዝና ከጎስፔል ጋር ሠርተው በ2007 ግራሚ አገኙ። እነሱን ስትሰማ ድራመሩን ተከተል። ካናዳዊው ሶኮልድ ሂፕ ሆፕና ክሌዝመርን ሲያገናኝ የድሮ የዪዲሽ (የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ) ሸክላዎችን ሳምፕል ያደርጋል፤ ከቅጂው ቆርጦ ይጠቀማል። ከክላርኔቲስቱ ዴቪድ ክራካወር ጋር የሠራውን ፈልግ። ክራካወር ድራም ማሽን ላይ ሆኖ እንኳ ክረኽትሱን አይተውም። ባልካን ቢት ቦክስን ኦሪ ካፕላንና ታሚር ሙስካት መሠረቱት። የካፕላን የሳክስፎን ሐረግ በ2013 በጄሰን ዴሩሎ ዘፈን ላይ ሳምፕል ሆኖ ዓለምን ዞረ። ሳክስፎኑ ሲነፋ ከሥሩ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንዳለ ስማ። ባዶ ቦታ ተትቶለታል። እውነት ለመናገር ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብትለኝ ይህን ነው የምመርጥልህ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ነውር ነው ወይ? አይደለም። እነዚህ ሙዚቀኞች ራሳቸው ከቱርክ፣ ከሮማኒያ፣ ከዩክሬን፣ ከግሪክ ሲወስዱ የኖሩ ናቸው። ነውር የሚሆነው አወሳሰዱ ላይ ነው። በ2000ዎቹ በአውሮፓ ክለቦች የባልካን ፋሽን ሲነሳ ብዙ ፖስተር ላይ የምታየው ሠረገላ፣ የእሳት ዳር ጭፈራና “ነፃ መንፈስ” ነበር። አብዛኛው ሮማ በሠረገላ አይኖርም። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ዛሬም ከትምህርት፣ ከቤትና ከሥራ ይገፋል። ሙዚቃውን ወድዶ ሰውዬውን መናቅ ያለ ነገር ነው፤ አንተ እዚያ ውስጥ አትግባ። በሽፋንህ ላይ ያን ምስል አታድርግ። “ጂፕሲ” የሚለውንም ቃል ብዙዎቹ እንደ ስድብ ይሰሙታል፣ ተወው። የተጫወተልህን ሰው ስም ጻፍ፣ ዜማውን ከየት እንዳገኘኸው ጻፍ፣ ገንዘብ ከመጣ አካፍል። ክፍያውን ስትነጋገሩ ከቀረጻው በፊት ይሁን እንጂ በኋላ አይሁን።

ሳምፕል ካደረግክ ደግሞ ዜማውና ቅጂው የተለያዩ መሆናቸውን እወቅ። ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ቅጂው ባለቤት ሊኖረው ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ከ1923 በፊት የተቀዱ ሸክላዎች ከ2022 ጀምሮ ነፃ ሆነዋል። የኋለኞቹም በየዓመቱ እየተከተሉ ነው። የክላርኔቲስቶቹ የናፍቱሌ ብራንድቫይንና የዴቭ ታራስ ታላላቅ ቅጂዎች ብዙዎቹ የ1920ዎቹ ስለሆኑ እያንዳንዱን በዓመቱ አጣራ። የምትሠራው አውሮፓ ስለሆነም የጀርመንን ሕግ ለብቻው ጠይቅ። ኖታ ከፈለግክ ግን ሀብት አለ። ሞይሴ ቤሬጎቭስኪ የሚባል የኪየቭ ተመራማሪ ከጦርነቱ በፊት በሰም ሲሊንደር ብዙ ቀድቷል፣ ብዙ ጽፏል። ሶቪየቶች በ1950 እስር ቤት አስገቡት። ስብስቡ ግን ተርፎ በ2005 በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ውስጥ ገባ። ክሌዝመር ኢንስቲትዩት ደግሞ ኪየቭ ከተቀመጡት የድሮ የኪሴልጎፍና የማኮኖቬትስኪ የእጅ ጽሑፎች ኖታዎችን በበጎ ፈቃደኞች እያስገለበጠ በነፃ ያቀርባል። እዚያ ውስጥ ማንም ያልነካቸው ዜማዎች አሉ። ሁሉም የሚያውቀውን የሰርግ ዘፈን ለመቶኛ ጊዜ ሪሚክስ ከማድረግ እነሱን ማንሳት ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ስለምጽፍ ላንሳ። የአይሁድ ሙዚቃ ክሌዝመር ብቻ አይደለም። የቤተ እስራኤል ጸሎት በግዕዝ ነው፣ ዜማውም የራሱ ነው። ሳክስፎኒስቱ አባተ በሪሁን እስራኤል ከገባ በኋላ ከፒያኒስቱ ይጽሃቅ የዲድ ጋር “ራስ ደሸን” በሚል ስም ይህንን ከጃዝ ጋር አገናኝቷል። ኢዳን ራይኸልም በ2002 የመጀመሪያ አልበሙ ላይ የአማርኛ ድምፆችን አስገብቷል። ክሌዝመሩን ተውና ወደዚህ ና እያልኩህ አይደለም። ግን አንድ ሰው የጸሎት ዜማን ወደ ሳክስፎን ሲያመጣ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚተው ከአባተ መስማት ትችላለህ። አንተ ደግሞ ከብዙ አውሮፓዊ ቢት ሠሪ ይልቅ ትሰማዋለህ።

እንግዲህ ወደ ፋይልህ ተመለስ። ያለውን ሁሉ አጥፋው አልልህም፤ አስቀምጠውና አዲስ ክፈት። አንድ ቡልጋር ምረጥ። ዜማውን በአፍህ እስክታዜመው ድረስ ስማው። ተነስተህ ርገጠው፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። ጀርመን መሆንህ ዕድል ነው። ቫይማር ውስጥ በየክረምቱ የዪዲሽ ሙዚቃ ትምህርት አለ፣ ዪዲሽ ሰመር ቫይማር ይባላል። ክሌዝመር የሚጫወትም፣ ጭፈራውን የሚያስተምርም ታገኛለህ። የሮማ ሙዚቀኞችም ባለህበት አካባቢ አይጠፉም፤ ጠይቅ። ክላርኔቲስትህን ስታገኝ ቢትህን አታሰማው። ዜማውን መጀመሪያ በእግሩ ምት ብቻ፣ ያለ ሜትሮኖም፣ ሦስት ጊዜ ይጫወትልህና ቅዳው። ከሦስቱ ያማረውን ምረጥና ፍጥነቱን ከእሱ ውሰድ። ቢቱን ከዚያ በኋላ ትሠራለህ።